ምዕራፍ ሰባት፦ ወደ አንጎል ስለ ዘለቀ ካንሰርና ስለ ጨረር ሕክምናው

ከሰው አካል ክፍሎች ሁሉ የአንጎልን ያህል ጥበቃ የተደረገለት የለም፤ ከውጭ የራስ ቅል አጥንት፣ ከውስጥም ሦስት ሽፋኖች ከበውት፣ በጠራ ፈሳሽ መካከል የሚኖር ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁሉ በላይ በዓይን የማይታይ ሌላ ዘብ ቆሞለታል። ይህ ዘብ መኖሩ የተገለጠው ጥበበኞች ሌላ ነገር ሲመረምሩ ነው። በ1885 (በዚህ ምዕራፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ጨምሮ ቢመለከት፣ ሌላው የአካል ክፍል ሁሉ በቀለሙ ሲነከር አንጎል ብቻ ሳይነከር ቀረ፤ እርሱም አንጎል ቀለሙን የማይቀበል ባሕርይ ቢኖረው ነው ብሎ አለፈው። ተማሪው ኤድዊን ጎልድማን ግን በ1913 ነገሩን ገልብጦ፣ ቀለሙን በደም ሥር ሳይሆን አንጎልን በሚያጥበው ፈሳሽ ውስጥ ቢጨምረው፣ አሁን ደግሞ አንጎሉ ተነክሮ የቀረው አካል ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም በደምና በአንጎል መካከል ድንበር እንዳለ ታወቀ። ድንበሩ የቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ነው፤ በሌላው አካል ውስጥ ይህ ግድግዳ ክፍተት ሲኖረው፣ በአንጎል ውስጥ ግን ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈውን ሁሉ እየመረጡ ያሳልፋሉ።

ከሳንባ፣ ከጡት፣ ከኩላሊት፣ ከአንጀት፣ ወይም ሜላኖማ ከሚባለው የቆዳ ካንሰር ተገንጥሎ የሚመጣ ሕዋስ ግን ይህን ድንበር ማለፍ አይሳነውም። በደም ተጭኖ ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ አንጎል ይወጣና፣ የደም ሥሮቹ እጅግ በሚጠቡበት፣ ማለትም የአንጎል ግራጫና ነጭ ክፍሎች በሚገናኙበት ሥፍራ ተወሽቆ ቀስ በቀስ ግድግዳውን ሰርስሮ ይገባል። ስቲቨን ፓጄት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ መርምሮ በ1889 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ካንሰር የሚሰራጨው ደም በወሰደው ቦታ ሁሉ እንዳልሆነ፣ የካንሰር ሕዋስ ዘር ቢሆን የሚበቅለው በተስማማው መሬት ላይ ብቻ እንደሆነ አስረድቶ ነበር፤ በመንገድ ዳር፣ በጭንጫና በመልካም መሬት ላይ የወደቀውን ዘር ከወንጌል ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። አንጎል ለአንዳንዶቹ ካንሰሮች መልካም መሬት ነው። ከሁሉ የከፋውም፣ ሕዋሱ ከገባ በኋላ ያው ድንበር ጠባቂው ሆኖ መገኘቱ ነው፤ በደም የሚሰጠው ብዙው ፀረ ካንሰር መድኃኒት ከበር ስለሚመለስ፣ የሳንባው ወይም የጡቱ ዕጢ በመድኃኒቱ እየሟሸሸ ሳለ የአንጎሉ ያለ ከልካይ ሊያድግ ይችላል። ጨረር ግን ወደ አንጎል ለመግባት የደምን መንገድ አይሻም፤ አጥንቱንም ድንበሩንም አልፎ ይሄዳል። ለዚህ በሽታ በሕክምና ውስጥ የተለየ መዓርግ ያገኘበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ስለ ጨረሩ ከመናገራችን በፊት ግን ስለ እብጠት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ሕሙማንን አስቀድሞ የሚያስጨንቃቸው ብዙ ጊዜ ዕጢው ራሱ ሳይሆን በዙሪያው የሚቋጠረው ውሃ ነውና። የራስ ቅል የተዘጋ በመሆኑ በውስጡ የሚጨመር ነገር ሁሉ አንጎልን ይጫናል፤ ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታትና ማስመለስ፣ የአንድ ጎን እጅና እግር መድከም፣ የንግግር መጥፋት፣ በሕይወቱ ወድቆ የማያውቅ ሰው ድንገት መንፈራገጥ፣ አንዳንድ ጊዜም የጠባይ መለወጥ ከዚህ ይመጣሉ። ጋሊሲችና ፍሬንች የተባሉ ሐኪሞች በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት ለዚህ እብጠት እንደሚረዳ በ1961 ካስታወቁ ወዲህ፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከአልጋው መነሣት የተሳነው ሰው ተቀምጦ ሲጫወት ማየት የተለመደ ሆኗል። ቤተሰብ ይህን አይቶ ዳነ ይላል። የቀነሰው ግን እብጠቱ እንጂ ዕጢው አይደለም፤ መድኃኒቱም ሲሰነብት እንቅልፍ ይነሣል፣ በደም ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የጭን ጡንቻን ያሟሽሻል፤ ስለዚህ ጊዜ መግዣ እንጂ ፈውስ ተብሎ ሊቈጠር አይችልም።

ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 በቩርዝቡርግ ከተማ ጨረሩን ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ሐኪሞች ለሕክምና ሊሞክሩት ጀምረዋል። ብዙ ሰው ጨረር ዕጢን የሚያጠፋው አቃጥሎ ነው ብሎ ያምናል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የጨረር መጠን የሚለካበት ግሬይ የተባለው መስፈርት በአንድ ኪሎ ሥጋ ላይ የሚያርፍ የአንድ ጁል ኃይል ማለት ሲሆን፣ ለአንጎል በተለመደው መጠን የሚሰጠው 30 ግሬይ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ እንኳ የሥጋውን ሙቀት ከአንድ ዲግሪ መቶኛ በላይ ከፍ አያደርገውም። ኃይሉ ያለው በማቃጠሉ አይደለም፤ በሕዋሱ ውስጥ የተጻፈውን የውርስ መልእክት፣ ማለትም ዲኤንኤ የተባለውን ጥንድ ሐረግ፣ በሁለት ወገን ስለሚበጥሰው ነው። የተበጠሰበት ሕዋስ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ሊከፋፈል ሲሞክር ግን መልእክቱ ስለተበላሸበት ይጠፋል። ጤነኛ ሕዋስ ስብራቱን ከካንሰሩ ሕዋስ ይልቅ አስተካክሎ መጠገን ስለሚችል፣ ሐኪሞች መጠኑን በብዙ ቀናት ከፋፍለው ይሰጣሉ፤ በየመካከሉ ያለው ሌሊት ለጤነኛው ሕዋስ መጠገኛ ይሆነዋል።

ወደ አንጎል የተሰራጨ ካንሰርን በጨረር ስለ ማከም በስፋት የተነገረው በ1954 ነው፤ ቻኦ፣ ፊሊፕስና ኒክሰን የተባሉ ሐኪሞች መላውን አንጎል በጨረር ቢያጥቡት የብዙዎቹ ሕመም እንደቀለለ ጻፉ። ከዚያም ከሠላሳ ዓመት በላይ ይኸው መንገድ የሁሉም መንገድ ሆኖ ኖረ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በ10 ቀናት 30 ግሬይ፣ ወይም በ5 ቀናት 20 ግሬይ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት። ዛሬ ያለ ሰው ሐኪሞቹን ብዙ ለጥቂት ዕጢ አባከኑ ብሎ እንዳይነቅፋቸው፣ ያን ጊዜ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ማየት እንዳልተቻለ ማስታወስ አለበት፤ ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የተባለው መሐንዲስ የሠራው ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በለንደን ያየው በ1971 ነው፤ ኤምአርአይ የተባለው ሌላው መሣሪያ ከዚያም በኋላ መጣ። ዕጢው የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነም የማያውቅ ሐኪም ሁሉንም ከመንካት በቀር ምን ያድርግ?

ማየት በተቻለ ጊዜ ግን ጥያቄው ተለወጠ። በአሜሪካ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ፓቼልና ባልንጀሮቹ በ1990 ያሳተሙት ጥናት፣ አንድ ዕጢ ብቻ የተገኘባቸውን 48 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ዕጢውን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ጨረር፣ ለሌላው ጨረር ብቻ ቢሰጥ፣ የመጀመሪያዎቹ አማካይ ዕድሜ 40 ሳምንት፣ የሁለተኞቹ 15 ሳምንት ሆኖ ተገኘ። እኔን ከዚህ ጥናት ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ለጥናቱ ከቀረቡት 54 ሰዎች የ6ቱ እባጭ ከአንጎል ተወስዶ ሲመረመር ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰር አልነበረም። ፎቶግራፉ ሁሉ ካንሰር ተሰራጭቷል ብሎ የመሰከረባቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ እባጭ ብቻ ታይቶ ጥርጥር ባለ ጊዜ፣ ከተቻለ ቁራጭ ወስዶ መመርመር የሐኪም ቅንጦት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ቀዶ ሕክምና ግን ለሁሉ አይሆንም፤ ዕጢው በጥልቅ ሥፍራ ሲሆን፣ ወይም ሦስትና አራት ሆኖ ሲበተን፣ ወይም ሕመምተኛው ሰመመንን የማይችል ሲሆን ቢላዋ ይቆማል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ነገር ለካንሰር ተብሎ የታሰበ አልነበረም። ላርስ ሌክሰል የተባለው ስዊድናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም (1907–1986) የሚያስበው ስለ ሕመምና ስለ እንቅስቃሴ መታወክ ነበር፤ በአንጎል ጥልቅ ያለችን አንዲት ነጥብ ለመድረስ ሲባል የራስ ቅልን መክፈት፣ በዘመኑ ብዙ ሰው የሚሞትበት ሥራ ስለ ነበረ፣ ራስን ሳይከፍቱ ያችን ነጥብ የሚነኩበትን ጥበብ ይፈልግ ነበር። አስቀድሞ በራስ ቅል ላይ በመርፌ መሰል ብሎኖች የሚጠብቅ ክፈፍ ሠርቶ፣ በክፈፉም አማካይነት በአንጎል ውስጥ ያለች ነጥብ ሁሉ በርዝመት፣ በወርድና በቁመት ሦስት ቍጥር እንድታገኝ አደረገ። በ1951 ደግሞ በእነዚህ ቍጥሮች ተመርቶ ወደ ነጥቧ የሚገባው መርፌ ሳይሆን ጨረር ቢሆንስ የሚለውን ሐሳብ አሳተመ። በመጀመሪያ በኤክስሬይ ሞከረ፤ ቀጥሎ ከኡፕሳላው የፊዚክስ ሊቅ ከቦርየ ላርሶን ጋር በፕሮቶን ደከመ፤ ነገር ግን ፕሮቶን የሚያመነጨው መሣሪያ ሆስፒታል የሚያስተዳድረው ዕቃ ባለመሆኑ፣ በመጨረሻ ጨረር በሚያመነጨው በኮባልት 60 ረጋ። በ1968 በስቶክሆልም በሶፊያሄመት ሆስፒታል የተተከለው፣ ጋማ ናይፍ የተባለው መሣሪያ በራስ ቁር ቅርጽ በተሠራ ብረት ዙሪያ 179 የኮባልት ፍሬዎች የተደረደሩበት ነበር። ከእያንዳንዱ የሚወጣው ጨረር ብቻውን ሲያልፍ ለአንጎል ብዙ ጉዳት የማያደርስ ደካማ ነው፤ ሁሉም በሚገናኙባት በአንዲት ነጥብ ላይ ግን ኃይላቸው ተደምሮ፣ የነኩትን ሁሉ ያጠፋል፤ ከነጥቧም ጥቂት ሚሊሜትር እንደራቁ መጠኑ በፍጥነት ይወርዳል።

ወደ አንጎል የተሰራጨ ካንሰር ለዚህ መሣሪያ የተስማማ መሆኑ ቆይቶ ታወቀ። በአንጎል ራሱ የሚበቅለው ክፉ ዕጢ ሥሩን በጤነኛው መካከል ስለሚዘረጋ ድንበሩ አይለይም፤ ከሌላ አካል የመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሆኖ፣ ጤነኛውን እየገፋ እንጂ እየተቀላቀለ አያድግም። ክብ ነጥብን በክብ መጠን መሸፈን ቀላል ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች መጠኑን እየጨመሩ ፈትነው፣ እስከ 2 ሴንቲሜትር ለሆነ ዕጢ 24 ግሬይ፣ ከ2 እስከ 3 ለሆነ 18፣ ከ3 እስከ 4 ለሆነ 15 ግሬይ በአንድ ቀን እንዲሰጥ ደንብ አወጡ፤ ዕጢው ሲተልቅ መጠኑ የሚያንሰው፣ በዙሪያው የሚነካው ጤነኛ አንጎል ስለሚበዛ ነው። ዛሬ ይህ ሥራ በኮባልት ብቻ ሳይሆን ሊኒየር አክስለሬተር በሚባለው መሣሪያም ይሠራል፤ ብሎኑም በብዙ ቦታ ቀርቶ፣ በሙቅ ውሃ ለስልሶ በፊት ላይ ሲዘረጋ የፊትን ቅርጽ በሚይዝ ወንፊት መሰል ጭምብል ተተክቷል። ሕመምተኛው ጭምብሉን ለብሶ ይተኛል፣ የሚሰማውም ሕመም የለም፤ ብዙዎቹም በዚያው ዕለት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር በ90 ዓመታቸው፣ በነሐሴ 2015፣ ሜላኖማ ወደ ጉበታቸውና ወደ አንጎላቸው መሰራጨቱን፣ በአንጎላቸውም አራት ጥቃቅን ነጥቦች መታየታቸውን ለሕዝብ ሲያስታውቁ፣ የመጀመሪያውን የጨረር ሕክምና በዚያው ዕለት እንደሚወስዱ ተናገሩ። በዚያው ጉባኤ ላይ የጊኒ ትል የተባለው በሽታ ከእርሳቸው በፊት ከዓለም ጠፍቶ ማየት እንደሚወዱ መናገራቸውም አይዘነጋም፤ በሽታው ከቀረባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ የእኛው ኢትዮጵያ ነበረች፣ የካርተር ማዕከልም በዚህ ሥራ ብዙ ደክሞባታል። በታኅሣሥ ወር፣ ሁልጊዜ በሚያስተምሩበት በፕሌንስ ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ላይ፣ በአንጎላቸው የካንሰር ምልክት እንዳልተገኘ አስታወቁ፤ ያረፉትም በ2024 መጨረሻ በ100 ዓመታቸው ነው። አንባቢ ግን ይህን ሁሉ ለጨረሩ ብቻ እንዳይሰጥ አደራ እላለሁ፤ አካል ራሱ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርገውን ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት አብረው ወስደዋል፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት ይህ መድኃኒት አልነበረም። የእርሳቸው ዕጣም የብዙዎች ዕጣ አይደለም።

እንግዲህ ነጥቦቹን ለይቶ መምታት ከተቻለ፣ መላውን አንጎል ማጠብ ለምን ያስፈልጋል? በዚህ ጥያቄ ሐኪሞች ብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ የክርክሩም ፍሬ ነገር ሊታይ የሚገባው ነው። መላው ይታጠብ የሚሉት፣ ዛሬ የማይታየው ዘር ነገ ይበቅላል ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። በጃፓን አዮያማና ባልንጀሮቹ በ2006 ያሳተሙት ጥናት፣ ነጥቦቹ ብቻ ከተመቱት ሕሙማን ከመቶ 76ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንጎላቸው በነበረበት ወይም በሌላ ቦታ ካንሰር ሲታይባቸው፣ መላ አንጎላቸው ጭምር ከታጠበው ግን ከመቶ 47ቱ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ነገር ግን ዕድሜያቸው አልተለየም፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ወር፣ የሁለተኞቹ 7 ወር ተኩል ያህል ኖሩ። አዲስ የበቀለውን እንደገና መምታት ስለተቻለ፣ የበቀለ ሁሉ አልገደለም። የሚቀጥለው ጥናት ግን ክርክሩን ከዕድሜ ወደ አእምሮ አዛወረው። በሂዩስተን ኤሪክ ቻንግ 58 ሕሙማንን ሲያጠና፣ 12 ቃላት ተነበውላቸው እንዲያስታውሱ እየጠየቀ፣ በአራተኛው ወር መላ አንጎላቸው ከታጠበው ከመቶ 52ቱ፣ ነጥቦቹ ብቻ ከተመቱት ግን ከመቶ 24ቱ የማስታወስ ችሎታቸው እንደቀነሰ ስለታየ፣ ጥናቱ ሳይፈጸም ቆመ። በ2016 የወጣው የ213 ሕሙማን ጥናትም ይህንኑ አጸና።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት በ1953 በሃርትፎርድ ከተማ የሆነውን ማንሣት ያሻል። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት የሚጥል በሽታው ስለበረታ፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለው ቀዶ ሐኪም በሁለቱም ወገን ሂፖካምፐስ የተባለውን የአንጎል ክፍል አወጣለት። በሽታው ቀለለ፤ ነገር ግን ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ስትመረምረው፣ ልጅነቱን የሚያስታውስ፣ አስተሳሰቡም የቀና ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ዕለት በኋላ የሆነውን አንዳች ነገር መያዝ እንደተሳነው አገኘች፤ በ2008 እስኪያርፍ ድረስም እንዲሁ ኖረ። ሂፖካምፐስ አዲሱን ነገር ተቀብሎ ወደ መዝገብ የሚያገባ ክፍል መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ በውስጡም እየተከፋፈሉ የሚታደሱ ሕዋሳት እንዳሉ ይታመናልና ጨረር ይጎዳቸዋል። ስለዚህ መላ አንጎላቸው የታጠበ አንድ አዛውንት መምህር በልጅነታቸው በቃል የያዙትን ዳዊት ሳያስቱ ሲወጡት፣ ዛሬ ጠዋት የጠየቃቸውን የልጅ ልጅ ስም ሲያጡ ቢታዩ፣ ይህ እርጅናም ቸልታም አይደለም።

ከዚህም የተነሣ አዲስ ጥበብ መጣ፦ ነጥቦቹ በዝተው መላውን አንጎል ማጠብ ግድ ሲሆን፣ ጨረሩ ሂፖካምፐስን በሁለቱ ወገን እየዞረ እንዲያልፈው ማድረግ። ካንሰር በዚያ ሥፍራ የሚያርፈው እጅግ ጥቂት ጊዜ በመሆኑ፣ ያን ክፍል መተው ብዙ አደጋ የለውም። በ518 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ይህ አሠራር፣ ለመርሳት በሽታ ከሚሰጠው ሜማንቲን ጋር፣ የአእምሮን ጉዳት በግልጽ ቀነሰ። የነጥቦቹም ቍጥር ድሮ እንደሚታሰበው ወሳኝ አልሆነም፤ በጃፓን 1194 ሕሙማን በተከታተለው የያማሞቶ ጥናት ከ5 እስከ 10 ዕጢ የነበራቸው፣ ከ2 እስከ 4 ከነበራቸው ጋር እኩል ኖረዋል።

ነጥብን ለይቶ መምታትም የራሱ ዕዳ አለው። ከወራት በኋላ በተመታው ሥፍራ እብጠት እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ይህም አንድም ካንሰሩ ተመልሶ፣ አንድም ጨረሩ ያደረቀው ሥጋ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ በፎቶግራፍ ሁለቱ ተመሳስለው የሚታዩበት ጊዜ ስላለ፣ ሕሙማን በየሁለትና በየሦስት ወሩ ኤምአርአይ መነሣት ይኖርባቸዋል፣ ሐኪሙም ፍርዱን ለጥቂት ጊዜ መግታት ሊያስፈልገው ይችላል። በቅርብ ዓመታት የአንጎልን ድንበር አልፈው የሚገቡ፣ ለአንዳንድ የሳንባና የጡት ካንሰሮች የሚሆኑ እንክብሎች ስለተገኙ፣ ጨረሩን ማዘግየት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁም አሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጨረር ጨርሶ የማያስፈልግበትን ጊዜ ማወቅ ነው። በብሪታንያና በአውስትራሊያ ኳርትዝ በተባለው፣ በ2016 በታተመው ጥናት፣ የሳንባ ካንሰራቸው ወደ አንጎል ተሰራጭቶ ለቀዶም ሆነ ነጥብን ለይቶ ለመምታት ያልተመቹ 538 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ በ5 ቀን 20 ግሬይ ከዴክሳሜታዞን ጋር፣ እኩሌቶቹ ዴክሳሜታዞንና እንክብካቤ ብቻ አገኙ። የመጀመሪያዎቹ አማካይ ዕድሜ 9.2 ሳምንት፣ የሁለተኞቹ 8.5 ሳምንት ሆነ። ለአንድ ሰው ከቀረው ዘጠኝ ሳምንት አንዱን በመኪና፣ በወረፋና በድካም ማሳለፍ ትርፉ ይህን ያህል ከሆነ፣ ያን ሳምንት ከቤተሰቡ ጋር ቢያሳልፈው የሚሻለው ብዙ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ገና ወጣትና ብርቱ ለሆኑት ግን ጨረሩ ጥቂት ዕድሜ የጨመረ ስለሚመስል፣ የጥናቱን ፍርድ በሁሉ ላይ መጫን አይገባም።

በአገራችን ይህ ስሌት ሌላ ክብደት ይጨምራል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 የኮባልት 60 መሣሪያ ተክሎ የጨረር ሕክምና ከጀመረ ወዲህ፣ ሌሎች ማዕከላት ከመከፈታቸው በፊት ብዙ ዓመት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ክፍል ሆኖ ሲኖር፣ ሕሙማን ከየክልሉ ወርደው በዘመድ ቤትና በኪራይ ክፍል ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ኮባልት 60 በየ5 ዓመት ከሩብ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምንጩ ካልታደሰ በቀር አንዱን ሕመምተኛ ለማከም የሚፈጀው ጊዜ እየረዘመ፣ ተራውም እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ከ10 ቀን ይልቅ 5 ቀን ብሎ ሲያዝ ቤተሰብ ለእኛ አነሰብን ብሎ ሊያዝን አይገባውም፤ 20 ግሬይ በ5 ቀን ሕመምን በማቅለልም ሆነ በዕድሜ ከ30 ግሬይ በ10 ቀን ጋር ተመጣጣኝ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል፣ ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው የተረፈው ሳምንትም በሥፍራው የሚቈጠር ነው።